ሐይቅ ላይ የተገኘው የመጀመሪያ በሽተኛ

ዳምጠው ወንድሜ፣

ከሕክምና ፋኩልቲ መጥተን ከሐይቅ ከተማ እድርተኞች ጋር የደም ግፊት እየለካን ነው። ሰዉ ሼህ እንድሪስ መጥተው ዱዓ ሳያደርጉ ክንዱን አልሰጥም አለ። እኔ ችኩሉ «አያምም፣ እዩ» ብዬ የራሴን ለካሁ። ግፊቴ ጣሪያ ነክቷል። መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ ተከራከርኩ። ሼሁ ደርሰው ስለካቸው የሳቸው ደህና ነው።

«ጓድ ሐኪም፣ በሽተኛው አንተ ነህ እንዴ?» አሉና አስቀመጡኝ። ያ ሁሉ ሰው መዳፉን ዘርግቶ ለኔ ዱዓ አደረገ። ፋኩልቲው ግቢ የልብ ማዳመጫ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስንጎራደድ ባየኸኝ ዓይን አሁን ብታየኝ!

«ይሄን የመሰለ ጎልማሳ ከታመመማ እኛንም ለካን» ብለው ተሰለፉ። እኔ የሐይቁን ዓሣ ያለ ጨው እየበላሁ ነው።

እማዬን ሳምልኝ፣ ደህና ነው በላት። አንተ ግን ያን ቦርጭህን ይዘህ ሄደህ ተለካ፤ እዚያ ዱዓ የሚያደርግልህ የለም።

ኃይለ መስቀል