ልጄን ከከዋክብት ያስቀረሁበት ፊርማ

ጥር 12 ቀን 1976 ዓ.ም.
ቢቸና

ለተከበሩ ጓድ ውበቴ፣ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ከብትዎ፣ «ቀበሌያችን ከመሃይምነት ነፃ ወጥታለች» ይላል ያሉኝ ያ ከወንበርዎ በላይ የተሰቀለው ሰንደቅዎ ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔ ከእፍረቴ በቀር ደኅና ነኝ። የምናገረው እኔ ታዘበው ነኝ፤ የሚጽፉት መሪጌታ ወልደ ሰንበት ናቸው። አንዲት ቃል እንዳያሳምሩልኝ አስምያቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቴ አመሰግንዎታለሁ። በፈተናው ዕለት ከስሜ በቀር አንድ ፊደል እንዳልጻፍኩ፣ ቀሪውን የእርስዎ እጅ እንደሞላው ሁለታችንም እናውቃለን። ሰንደቁ እንዲመጣ አንድ ሽማግሌ ጎድሎ ነበር፤ ሞላሁልዎት። እኔም ወረቀቱን ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬ በገባ በወጣው ሁሉ ፊት ኮራሁበት። አልክድም።

ሁለተኛ፣ ሞጣ ፊዚክስ የምታስተምረው ልጄ ፈንታነሽ ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ሞስኮ ተመርጣ ነበር፤ የከዋክብትን ነገር፣ አስትሮፊዚክስ የሚሉትን ልትማር። የኮከቡን ብርሃን በመስተዋት ሰንጥቀው፣ ምን እየነደደበት እንደሆነና መቼ እንደሚጠፋ ከዚያው ያነቡታል ብላኛለች። ልጄ ማንም ያልነካውን ኮከብ ታነባለች፤ እኔ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ወረቀት አላነብም።

ሦስተኛ፣ ተመልሳ አገሯን እንድታገለግል አባት ዋስ ይሁን ተባለና እርስዎ ጠሩኝ። ሁለት ወረቀት ዘረጉ፤ አንዱ ዋስ ነኝ፣ አንዱ ዋስ አልሆንም የሚል። «አባ ታዘበው የተማሩ ናቸው፤ ራሳቸው ይምረጡ» ብለው በስብሰባው ፊት አከበሩኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንብቡልኝ ማለት ሞት መሰለኝ። ለልጄ ብዙ ምስጋና የሰፈረበት ይሆናል ብዬ ጽሑፉ የበዛውን አንስቼ ስሜን ጻፍኩበት። የበዛው ለካ «ጧሪ የለኝም፣ ልጄ እንዳትሄድብኝ» የሚለው ምክንያት ኖሯል። እርስዎ አዩ። ዓይንዎ ወደ ሰንደቁ ሄዶ ሲመለስ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ አልገባኝም። ዝም አሉ። ስለዚያ ዝምታዎ ዕድሜ ይስጥዎ።

አራተኛው ክስ በእኔው ላይ ነው። ፈንታነሽ ወረቀቱ ሞጣ ሲደርሳት ይዛው መጣችና የተጻፈውን አሰማችኝ። «አባባ፣ አንብበውት ነው የፈረሙት?» አለችኝ። አዎ አልኳት። አያውቅም ከምትለኝ ክፉ ነው ብትለኝ መረጥኩ። ልጄ ሆን ብዬ ያስቀረኋት መስሏት፣ እህል ሳትቀምስ ተመለሰች።

ስለዚህ ጓድ ሊቀ መንበር፣ ሰነዱ እስከ የካቲት ማብቂያ አዲስ አበባ ካልደረሰ ቦታዋ ለሌላ ይሰጣልና፣ ያንን አጭሩን ወረቀት በቶሎ ይላኩልኝ። በዚህኛው ላይ ስሜን አልጽፍም፤ አውራ ጣቴን ነው የማሳርፍበት።

በእጅዎ ተፈትኜ በእጅዎ ያለፍኩ፣ ውለታዎን እስከ መቃብር የማልረሳ ተማሪዎ፣
ታዘበው አካለ ወልድ
(የአውራ ጣት አሻራ)

ግልባጭ፦ ለልጄ ለፈንታነሽ፣ ሞጣ። አላነበብኩትም ልጄ።

ማሳሰቢያ፦ የምስክር ወረቀቴን ከዚህ ጋር መልሼልዎታለሁ። ደብዳቤው እሑድ በስብሰባው ፊት ይነበባል። እርስዎ እንዲያነቡት ነበር ያሰብኩት፤ ነገር ግን የእርስዎን ፈተና ማን እንደሞላልዎ ስለማላውቅ፣ መሪጌታ ያነቡታል።