የእትዬ ወርቄ እንቆቅልሾች

ቅዳሜ፣ አንኮበር
እምቢ አለች። ታላቅ እህቴ እትዬ ወርቄ ድምፅዋን ልቀዳበት የደቀንኩትን ስልኬን በነጠላዋ ሸፈነችው። «እንቆቅልሽ በጠራራ ፀሐይ? ሟርተኛ!» በዚያ በሻከረ ድምፅዋ። ሐሙስ ጉሮሮዋን ኦፕራሲዮን ትደረጋለች። ሐኪሙ ድምፅሽ ላይመለስ ይችላል ብሏታል። የእናታችንን እንቆቅልሾች ደግሞ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እኔ አብዛኛውን ረስቻለሁ። ስለዚህ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድኩና ኩራዝ አበራሁ። «ይኸው መሸ!» አልኳት። «አንተ ቀልማዳ!» ብላ ሳቀች። ጀመረች።

ድሮም እንዲህ ነበር። ጨለማ፣ የእናታችን ጋቢ፣ ከሥሩ እኛ። መልሱ ሲጠፋኝ አገር መስጠት ግዴታ ነው፤ አንኮበርን ሰስቼ ሁልጊዜ ጫጫን እሰጣት ነበር።

እሑድ፣ ደብረ ብርሃን
ፎቶ ኮፒ ቤቴን ዘግቼ ዋልኩ። ንግግር ሰምቶ የሚጽፍ ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ አግኝቻለሁ፤ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፣ በነፃ። አስተማሪ አልነበረኝም፤ እየተሳሳትኩ ጫንኩት። የእትዬን የድምፅ ቅጂ ሰጠሁት። ዝባዝንኬ! የሻከረ ድምፅ አይገባውም። አዲስ አበባ ላለችው ለእህቴ ልጅ ለሰላም ደወልኩ። «አጎቴ፣ በጆሮህ እየሰማሃት አንተ ለፕሮግራሙ ድገምለት» አለችኝ። ብልጥ። እኔን ነው የወጣችው።

ሰኞ
ሠራ! እሷ በጆሮዬ፣ እኔ በማይክሮፎኑ፣ ፊደሉ በኮምፒውተሩ። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ ደንበኛ ብቻዬን ስለፈልፍ አይቶ በሩ ላይ ቆመ። «ሰላም ነህ?» አለኝ። «እንቆቅልህ!» አልኩት። ሄደ።

ከሰዓት በኋላ እሷን አስመስዬ «እንቆቅልህ» ስል የእናቴ ድምፅ ከአፌ ወጣ። ማይክሮፎኑን አጠፋሁ።

ማክሰኞ
መጽሐፍ ላደርገው አትሜ ያጠፍኩት የመጀመሪያው ወረቀት ገጾቹ ተዘቅዝቀው ወጡ። ሁለተኛው አማረ። ለእትዬ ደውዬ አነበብኩላት።
«መልሱን ከጥያቄው ሥር ጻፍከው?»
«አዎ።»
«ታዲያ አገር የሚሰጠው ማን ሊሆን ነው? ጅል!»
እውነቷን ነው። የታተመው ሁሉ ለእሳት ማያያዣ ሆነ። መልሶቹን መጨረሻ ገጽ ላይ ሰብስቤ እንደገና ጀመርኩ።

ረቡዕ
አለቀ። ስፌቱ ጠማማ ነው። እትዬ ከአንኮበር ገባች፣ እኔ ዘንድ አደረች። መጽሐፉን አገላብጣ አሸተተችው። «ቀለሙ ይሸታል» አለች። ደረቷ ላይ አድርጋው ተኛች።

ሐሙስ
ገባች። ወጣች። ተመስገን። መናገር ክልክል ነው።

ዓርብ
ሆስፒታል ስደርስ መጽሐፉ ከእነዋሪ በመጣችው የአልጋ ጎረቤቷ እጅ ነው። ሴትዮዋ ጮክ ብላ ታነባለች፦ «ሲወርድ ያጓራል፣ ሜዳ ሲደርስ ይተኛል።» አሰበች፣ ገመተች፣ አልሆነላትም። እትዬ እጇን ዘረጋችላት፤ አገር ስጪኝ ማለቷ ነው። «እሺ፣ እነዋሪን ውሰጂ!»

አገር የወሰደ ደግሞ መፎከር አለበት። እትዬ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፣ ወደ እኔም አየች። ከከንፈሯ እያነበብኩ በእሷ ቅላጼ ጮህኩላት፦ «እነዋሪ ገብቼ፣ ስንዴሽን ፈጭቼ፣ አንቺን ከደጅ ትቼ!» ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ነርሷ ተቆጣችኝ።

ድምፅዋ ይመለስ እንደሆን ሐኪሙ ገና አያውቅም። ስወጣ ግን እጄን ያዘችና በጣቷ አፌን ነካችው። ነገ በጠዋት ና ማለቷ መሰለኝ።