ዳዮዱ ከሥልጣን ወረደ

ይድረስ ወደ ሊቢያ ለሄድከው የልጅ ልጄ ለቃለአብ። ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ፤ እኔና እናትህ ናርዶስ እንደ ሱዳኖቹ «አልሐምዱሊላህ» እያልን እዚሁ ሱዳን፣ ዴም ሰፈር አለን።

ለዴም ነዋሪዎች በሙሉ ይታወቅ! የባትሪውን ቮልት ከፍ አድርጋ ስልክ የምትሞላዋ፣ ሠርተህልን የሄድካት ሳጥን ውስጥ ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፍ የነበረው ዳዮድ ከሥልጣኑ ወርዶ ትራንዚስተር ተሹሟል።

«አባባ፣ ዳዮዱ ኃይሉን በሙቀት ይጨርሰዋል» ስትለኝ ስቄብህ ነበር። ይኸው ተረታሁ። መጀመሪያ አዲሱ ትራንዚስተር ሲሠራ ከፊትም ሳጥኗ ውስጥ የነበረው ትራንዚስተር ማረፍ እንዳለበት ረስቼ ሁለቱንም አቃጥያለሁ፤ ሳቅብኝ። አሁን ግን በሌሎች ተክቻቸው ሳጥኗ አትግልም፤ መብራት ቢጠፋም ስልኩ እስኪነጋ አይዘጋም።

እናትህ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ስትሄድ ስልኩንም ሳጥኗንም ይዛ ነው። «ልታስባርኪው ነው?» ብላት «እዚያ ኔትወርክ ይሻላል፤ ልጄ ቢደውልስ?» አለችኝ። ሌሊት ግን ደኅና ትተኛለች።

ደብዳቤውን እዚያው ሊቢያ ወዳለችው ኩፍራ መኪና የሚነዳው ረሺድ ይዞልኝ ይሄዳል። «የት ላግኘው?» ቢለኝ «ሐበሻ ባየህበት ሁሉ ስሙን ጥራ፤ ያላ፣ ሂድ በል!» አልኩት።

በሄድክበት ሁሉ መድኃኔዓለም አይለይህ።
አያትህ አያሌው

እናትህ ደኅና ትተኛለች ያልኩት ግን የፈጠርኩት ነው።