ከውሃ በቀር ምንም ያልተቀበሉት የአቶ ሎሪያኖ ጋላስትሪ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሎሪያኖ ጋላስትሪ ከአባታቸው ከአቶ ዴሊዮ ጋላስትሪና ከእናታቸው ከወይዘሮ አርጂያ ፌኒ፣ በቶስካና ከካስቴልቬርዶ ከተማ በላይ ባለው የፖጆሴኮ እርሻ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1941 ተወለዱ። ቤተሰቡ የሰው መሬት ያርስ ስለነበር ትምህርታቸው ከአምስተኛ ክፍል አላለፈም።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው ምጥ ጠናባቸው። በሽተኛና አስከሬን በነጻ የሚሸከሙት የከተማው የምሕረት ማኅበር ሰዎች በበረዶ ወጥተው፣ በቃሬዛ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሷቸው። እናትም ተረፉ፤ እህታቸው ኢልቫም በሰላም ተወለዱ። አባታቸው ለክረምት ያስቀመጡትን የአሳማ ጭን ለተሸካሚዎቹ ቢያቀርቡላቸው፣ "ከውሃ በቀር መቀበል አልተፈቀደልንም" አሉ። በዚያን ዘመን የማኅበሩ ሰዎች በጎ አድራጊው እንዳይታወቅ ፊታቸውን በጥቁር ቆብ ይሸፍኑ ነበርና፣ ወደ ግድግዳው ዞረው ውሃቸውን ጠጥተው ሄዱ። ማን እንደነበሩ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ከዚያ ወዲህ አቶ ሎሪያኖ በከተማው ለሚያገኙት ወንድ ሁሉ ባርኔጣቸውን ያነሡ ጀመር። ሰካራሙን ጉዌሪኖን እንኳ አያልፉትም። ለምን ሲባሉ፣ "የትኛው እንደሆነ በምን ልወቅ? አንዱን ባልፈው፣ እሱ ቢሆንስ?" ይሉ ነበር።

በ1958 በጡብ ፋብሪካ ተቀጥረው ጡረታ እስኪወጡ አገለገሉ። በ1963 ራሳቸው የማኅበሩ ተሸካሚ ሆኑ። በ1966 የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሆኑትን ወይዘሮ ኦሪየታ ናርዲን አግብተው ቲዚያናንና ማውሮን ወለዱ። የማኅበሩ ደወል በተደወለ ቁጥር ባለቤታቸው "ሎሪያኖ፣ ሹራብህን! ደግሞ ሳትበላ ነው?" ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ደረጃው ላይ ሆነው፣ "የታመመ ሰው ሾርባዬን እስክጨርስ አይጠብቀኝም" ይላሉ። በሽተኛ አመላለሱ፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ አሮጊቶች መድኃኒት አደረሱ፣ ቀባሪ የሌለውን ቀበሩ። መንግሥት መንገድ ይሠራል፣ ሐኪም ያክማል፤ ከአልጋው እስከ ሐኪሙ ድረስ ግን ሰው ለሰው ካልተሸከመው ማን ያደርሰዋል?

በ2021 ኩላሊታቸው ደከመ። በየሁለት ቀኑ ሆስፒታል ሄደው እጥበት ካላገኙ በሕይወት እንደማይቆዩ ሐኪሙ ተናገሩ። እግራቸው ግን ከሦስተኛ ፎቅ መውረድ አልቻለም፤ ሕንፃው አሳንሰር የለውም። በማኅበሩ የመሸከሚያ ወንበር እንዲወርዱ ቢጠየቁ፣ "ሃምሳ ዓመት ሰው ተሸክሜ፣ አሁን እኔ ጓዝ ልሁን?" ብለው እምቢ አሉ። ባለቤታቸው ለመኑ፣ አለቀሱ፣ ተቆጡ፤ አልሰሙም።

ያኔ የማኅበር ጓደኛቸው አቶ ቫስኮ ቺቲ ሁለት አዳዲስ አባላት ይዘው መጡ። ስለ በሽታው አንዲት ቃል አላነሡም።

"ሎሪያኖ፣ እነዚህ ሰው የሚያወርዱት እንደ ድንች ጆንያ ነው። እንዲህ ያለ ጠባብ ደረጃ ደግሞ በከተማው የለም። ወንበሩ ላይ ተቀምጠህ አስተምርልኝ፤ እኔን አይሰሙኝም።"

"እያታለልከኝ እንደሆነ አውቄያለሁ።"

"እሰይ፣ አውቀሃል። ተቀመጥ።"

ተቀመጡ። እስከ ታችኛው በር ድረስ አፋቸው አላረፈም፤ "ጉልበትህን እጠፍ እንጂ ወገብህን አታጉብጥ"፣ "አንቺ ደግሞ እኔን ሳይሆን ደረጃውን እዪ" እያሉ ወረዱ። ከዚያ በኋላ ከሁለት ዓመት በላይ ኖሩ። አዲስ ተሸካሚ ሁሉ ሙያውን የተማረው እሳቸውን በመሸከም ነው። ባለቤታቸው ኬክ ጋግረው ደጅ ላይ ሲጠብቁ፣ ከወንበሩ ላይ ሆነው "ኦሪየታ፣ ውሃ ብቻ" ይሏቸው ነበር።

ኖቬምበር 14 ቀን 2023 ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት በተወለዱ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ እህታቸውን ኢልቫን፣ ሁለት ልጆችንና ሦስት የልጅ ልጆችን ትተዋል።

በማኅበሩ ልማድ ተሸካሚዎች ትከሻ ሲቀያየሩ፣ ተቀባዩ ለሚያስረክበው "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ይላል። ዛሬ የሚሸከሟቸው እሳቸው ያስተማሯቸው ናቸው። ልጆቼ፣ የመቃብሩ ደጅ ደረጃ በዝናብ ረጥቧልና አደራ፣ ጉልበታችሁን እጠፉ፣ ወገባችሁን አታጉብጡ። ስትመለሱ ቤታችን ደጅ ላይ ውሃ ታገኛላችሁ። ኬክ አልጋገርንም።

የብዙዎችን ሸክም የተቀበሉትን ሎሪያኖን ጌታ ዛሬ ከትከሻችሁ ተቀብሎ በብርሃኑ ያሳርፍልን። እሳቸውን ለተሸከማችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።