በገርጂ ሜዳ ስሜ ሲጠራ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 7 ቀን 1974

ከጠዋት እስከ ምሳ ቆጠራ። ሁለት ወንበር ጎደለ። ኋላ ውይይት ክበብ ተገኘ። ሳይፈርሙ ወስደው! አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኮሌጁ ንብረት ክፍል ስሠራ፣ ሳይፈርሙ የሚወስዱ ሰዎች አላለቁልኝም።

ከሰዓት መኩሪያ መጣ። የአውቶቡሳችን ሾፌር ነው፤ የደጋፊዎቹም አለቃ እሱው። ማሊያ ያዘጋጁልን ሊል ነው የመጣው። የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው እሑድ ከገርጂው ኮሌጅ ጋር ነን አለ። በእነሱ ሜዳ።

እሺ አልኩ። ማሊያውን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተሳሳትኩ።

ካምና ጀምሮ የስፖርት ዕቃ በእኔ እጅ ነው። ማሊያ እንዳይጠፋ ብዬ ነበር ሜዳ መውጣት የጀመርኩት። አሁንማ እንኳን ማሊያው እኔም ጠፍቻለሁ። ቡድናችን ሲሸነፍ እራት አይወርድልኝም። ኳስ የሥራ ፈት ነገር ነው ስል የኖርኩ ሰውዬ! ሃረገወይን ሁሉንም ታያለች፤ ምንም አትልም። የሚከብደኝ ይሄ ዝምታዋ ነው።


ዓርብ፣ መጋቢት 10

በሶው እንደገና ጎድሏል። ቆጠራ የለመደ ዓይን አይሳሳትም። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው የሚጎድለው። ሃረገወይን ሾላ ገበያ ደርሼ መጣሁ ትላለች... ሾላ የሄደች ሴት ጫማዋ ላይ የገርጂ ጭቃ ምን ይሠራል? አልጠየቅኳትም። የት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ለልጇ ነው። ለልጃችን።

ኣባይ። ስሙን ከጻፍኩት ሁለት ዓመት ተኩል ሆነኝ።

እኛ ኮሌጅ ቦታ አስገኝቼለት ነበር። ስንት ሰው ለምኜ! ሒሳብ ተምሮ ወንበር ላይ ይቀመጥልኝ ብዬ። እሱ ሹልክ ብሎ ገርጂ ተመዘገበ። ግንባታ እማራለሁ አለ። ኧረ ምን ግንባታ... ለቡድናቸው ፈልገውት ነው። በዚያ መስከረም፣ ኳሱን ከአልጋው ሥር አውጥቼ ፊቱ በቢላዋ ቀደድኩት። "ከዛሬ ጀምሮ በስሜ አትጠራ" አልኩት። ሻንጣውን ይዞ ወጣ።

ከቤቴ ገርጂ በእግር አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ይህችን አንድ ሰዓት መሄድ አቃተኝ።


እሑድ፣ መጋቢት 12

የቀበሌ ስብሰባ። ሦስት ሰዓት ተቀመጥን። አጀንዳው ምን ነበር? ለኳሱ ብዬ የሳምንቱን ስብሰባ ብቀር ምን ብዬ ነው የማመካኘው... ሆድ ቁርጠት? በሁዳዴ ጾም ውሸት!


ዓርብ፣ መጋቢት 17

ሥራ አልያዝልኝ አለ። መኩሪያ ዛሬ ደግሞ አንድ ነገር ጣለብኝ። ገርጂዎች ከጨዋታው በፊት የተጫዋቾቹን ስም በድምፅ ማጉያ ይጠራሉ አለ። ከነአባታቸው።

ከነአባታቸው!

የእኔ ልጅ ማን ተብሎ ይጠራ ይሆን? አጎቱ ዓንዶም፣ የሃረገወይን ወንድም፣ ይሄን ልጅ ለእኔ ስጡኝ ይል ነበር ዘወትር። በእሱ ስም ተመዝግቦ ቢሆንስ? ያደርገዋል፣ ግትር ነው። ግትርነቱን ከየት አመጣው ቢሉኝ... ይቅር።

ደግሞስ አድርጎት ቢሆን በምን አፌ ልናገር? ያዘዝኩት እኔ። ያኔ ሃረገወይን ስታለቅስ፣ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ብዬ ፎክሬባታለሁ። ይህን ተረት የፈጠረው ሰው ልጅ ያልነበረው መሆን አለበት።

አልሄድም። መኩሪያ ማሊያውን ፈርሞ ይውሰድ።

እሄዳለሁ።


እሑድ፣ መጋቢት 19

ከመጀመሪያው ልጻፍ፣ አንድም ነገር እንዳይጎድል።

በአውቶቡሱ ተጨናንቀን ከቦሌ ተነሣን። መገናኛን አልፈን አስፋልቱ ሲያልቅ አቧራ ብቻ ሆነ። ግራና ቀኙ ማሳ ነው። ይሄ ገጠር ምን ስታዲየም ይኖረዋል ብዬ በልቤ ንቄአለሁ። ከዚያ ባሕር ዛፉን ዞር ስንል... ብቅ አለ።

ሜዳ አይደለም። ስታዲየም ነው! በአራቱም ወገን ጥርብ የድንጋይ ደረጃ፤ አሥራ አንድ እርከን ቆጠርኩ። መሐሉ ሣር። እውነተኛ ሣር! የእኛ ልጆች አቧራ ላይ ወድቀው ጉልበታቸው ሲላጥ ነው የማውቀው፤ እዚህ የወደቀ ሰው መነሣትም አይፈልግ። ሕዝቡ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ዛፉ ላይ ሳይቀር ሰው ተንጠልጥሏል። ደግሞ ሁሉም ቀይ ለብሷል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

አፌን የዘጋልኝ መኩሪያ ነው። "ጋሽ ገብሬ፣ እነሱም ቀይ ናቸው እኮ" አለኝ።

አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ያልቀላ ማሊያ የለም። ለዚህ ብለን ነበር ነጩን ያሰፋነው። እኔ ግን በልጄ ሐሳብ ስባዝን ነጩን መደርደሪያ ላይ ትቼው መጥቻለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም። አንገቴን ደፍቼ የእነሱን ንብረት ክፍል አፈላልጌ ሄድኩ።

ኃላፊው አቶ ወልደጻድቅ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። አልሳቁብኝም። ንብረት ክፍላቸው ደግሞ... ምን ልበል! ማሊያው በቁጥሩ ተጣጥፎ፣ ጫማው ተወልውሎ፣ እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል። ቀናሁ። አሥራ አራት ነጭ ማሊያ ቆጥረው ቅጽ አቀረቡልኝ፤ እንግዳም ቢሆኑ ይፈርማሉ አሉ። እንዴት ወደድኳቸው! ፈረምኩ። ፊርማዬን አዩ፣ ቀና ብለው ፊቴን አዩ። ስታዲየሙን ማን ሠራላችሁ አልኳቸው። ተማሪዎቹ ራሳቸው፣ ሁለት ክረምት ድንጋይ ተሸክመው ነው አሉኝ።

ሁለት ክረምት... እሱም ተሸክሟል ማለት ነው። ሄጄ ስቀመጥ የተቀመጥኩበትን ድንጋይ በእጄ ዳበስኩት።

የእኛ ሰው ሁለት መቶ ቢሆን ነው። አንድ ጥግ ተሰጠን፤ ዙሪያው የእነሱ። ከበሮ ሲመቱ ደረጃው ሥሬ ይርገበገባል። መፈክር ተባለ፣ እጅ ተነሣ፣ ተቀመጥን። ድምፅ ማጉያው ተከፈተ።

መጀመሪያ የእኛን ልጆች ስም ጠሩ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ለተጋጣሚ! እኛ ሜዳ ቢሆን ስድብ ነበር። ከዚያ የራሳቸውን። ይሄ ነው ጉዱ... ጠሪው የልጁን ስም ብቻ ይላል፤ የአባቱን ስም የሚሞላው ሕዝቡ ነው። በአንድ አፍ። ልማዳቸው ነው አሉ። ቁጥር አንድ እንዲህ ተባለ፣ ቁጥር ሁለት፣ ቁጥር ሦስት... ከሰባት በኋላ መስማትም አልፈለግኩም።

"ቁጥር ስምንት፣ ኣባይ!"

"ገብረትንሣኤ!"

አራት ሺህ ሰው። ስሜን።

ቦሌ ነው የምኖረው፤ አውሮፕላን ጣሪያዬ ላይ ሲያልፍ ነው ያረጀሁት። እንዲህ ያለ ድምፅ ግን ሰምቼ አላውቅም። የማላውቃቸው ሴቶች፣ የማላውቃቸው ሽማግሌዎች፣ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለው ሁሉ። ወላጅ አባቴ እንኳ እንዲህ አድርገው ጠርተውኝ አያውቁም። ሰውነቴን ወረረኝ። አቤት ልል ነበር! እውነቴን ነው፣ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነው የመለስኩት።

ስሜን አልጣለውም። እኔ ጣለው ብዬው እሱ አልጣለውም።

ሲገባ አየሁት። ትከሻው ሰፍቷል። አረማመዱ የአባቴ አረማመድ ነው፤ ልጅ ሆኖ አላስተዋልኩትም። የእኛ ልጆች ይሰድቡት ጀመር፤ እግረ ቆልማማ አሉት። መኩሪያም ጭምር። ዋጥ አደረግኩት።

ባዶ ለባዶ እንዳለን፣ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ከሩቅ ቅጣት ምት አገኙ። ኣባይ ኳሷን አስቀመጠ። አነሣት፣ አዙሮ እንደገና አስቀመጣት። ግቢያችን ውስጥ እንዲህ ነበር የሚያደርገው፣ በእኔ መስኮት ትይዩ፤ ስንቴ ጮኼበታለሁ! ዛሬ አራት ሺህ ሰው ትንፋሹን ይዞ ይጠብቀዋል። መታ። ኳሷ ከልጆቻችን አናት በላይ ሄዳ ሄዳ ታጠፈች። በረኛችን ቆሞ አያት።

ኣባይ ሞላ! ኣባይ ሞላ! እያለ ስታዲየሙ ተናወጠ።

እኔ ቆሜአለሁ። መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም። ሁለት መቶ የእኛ ሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ እኔ ብቻዬን ቆሜ አጨበጭባለሁ። መኩሪያ ኮቴን ጎተተኝ።

"ጋሽ ገብሬ፣ ምን ነካዎት?"

"ልጄ ነው" አልኩት።

"ማን?"

"ስምንት ቁጥሩ። ልጄ ነው።"

መኩሪያ አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ ዞር ብሎ ከኋላ ላለው ነገረ፣ ያም ለሌላው። ቆልማማ የሚል ድምፅ ከዚያ ወዲያ አልሰማሁም። አንዲት ተማሪማ ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ።

አንድ ለባዶ ተሸነፍን። እስከ ሜዳው ጠርዝ ወረድኩ። በትከሻ ተሸክመውት ሲዞሩ አየሁ፤ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ምን ልበለው? በስሜ አትጠራ ያልኩህ ሰውዬ ስሜ ሲጠራ ደስ ብሎኝ መጣሁ? እግሬ እምቢ አለ። ማሊያውን ሰብስቤ አውቶቡስ ገባሁ። ፈሪ።


ሰኞ፣ መጋቢት 20

ለሃረገወይን ነገርኳት። ነጩን ማሊያ እያጠበች ነበር፤ ቀና አላለችም። አውቃለሁ፣ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚጠሩት አለች።

ሁልጊዜ! ሰምታለች ማለት ነው። ሜዳው ድረስ ሄዳ! ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

"መቼ ጠየቅከኝ?" አለች።


ረቡዕ፣ መጋቢት 22

የቀደድኩትን ኳስ ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩ። ካርቶን ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ። ዕቃ ዝም ብሎ አይጣልም ብዬ... ሰበብ ነው። መጣል አልቻልኩም ነበር።

ሃያ ሁለት ሰፈር ያለው ጫማ ሰፊ፣ ሰይድ፣ አገላብጦ አየው። በዚህ ላይ የጨከነው ማን ነው አለኝ። እኔ አልኩት። ክሩን ሰም መቀባት ጀመረ። የውስጡን ጎማም እቀይራለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ይምጡ አለኝ።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 25

በእግሬ ሄድኩ። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ፤ ሩቡ የእድሜ ነው።

ማሊያውን ለአቶ ወልደጻድቅ አስረከብኩ። ቀጥዬ ኳሱን አወጣሁ፤ ከቅጹ ጋር። የመንግሥት ቅጽ ለግል ጉዳይ አይነካም፤ ትናንት በማስመሪያ ራሴ ነኝ ያሰመርኩት። የዕቃው ዓይነት፦ ኳስ፣ አንድ። ሁኔታው፦ ተቀዶ የነበረ፣ የተሰፋ። ምርመራ የሚለው ቦታ ላይ ብዙ አስቤ እንዲህ ብያለሁ፦ የቀደደው አስረካቢው ነው። ጥፋቱ የእሱ ነው። አስረካቢ፦ ገብረትንሣኤ ተወልደብርሃን። ተረካቢ የሚለውን ባዶ ተውኩት።

አቶ ወልደጻድቅ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። "እዚያ ልምምድ ላይ ነው፣ ልጥራልዎት?" አሉኝ።

በመስኮቱ ይታያል። ሣሩ ላይ እየሮጠ ነው።

አይ፣ አይጥሩት አልኩ። ቅጹን ይፈርምና ይላክልኝ፤ ካልፈለገም ይተወው። ፊርማዎን ያየሁ ለታ አውቄዎት ነበር አሉኝ ሲሸኙኝ።


እሑድ፣ ሚያዝያ 3

ሆሳዕና። ቅጹ አልተመለሰም።


ዓርብ፣ ሚያዝያ 8

ስቅለት። ስሰግድ ዋልኩ፣ ወገቤ ተቆረጠ። ቅጹ አልተመለሰም። መብቱ ነው። ተረካቢ አልረከብም ማለት ይችላል፤ ደንቡ ይፈቅድለታል።


እሑድ፣ ሚያዝያ 10

ፋሲካ።

ጠዋት በር ተንኳኳ። ጎረቤት መስሎኝ እኔው ከፈትኩ። ኣባይ ቆሟል፣ ኳሱን በብብቱ ይዞ።

"ኣቦይ" አለኝ። በልጅነቱ በትግርኛ እንዲህ ነበር የሚጠራኝ።

ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ያዝኩት። ስንት ቀን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ... ሁሉም ጠፋ። ከአፌ የወጣው ምንድን ነው?

"ቅጹስ?"

ሁለት ዓመት ተኩል ቆይቶ ለመጣ ልጅ! ሃረገወይን ከጓዳ፣ አንተ ሰውዬ ጤና የለህም እንዴ አለች፤ ድምፅዋ ግን እያለቀሰ ነበር። እሱ ሳቀ። ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። ለምን አልላክኸውም አልኩት።

"ተረካቢው ራሱ ይቅረብ የሚሉት እርስዎ አይደሉ?"

መነጽሬን ፈለግኩ። ዓይኔ ላይ ነበር፤ ያላየሁት በእንባ ነው። አቅፌው በሩ ላይ ስንት እንደቆምን አላውቅም። ይቅር በለኝ ያልኩት ጆሮው ሥር ነው፣ ሰምቶኛል።

ከሰዓት ግቢ ውስጥ ኳሷን ሲያነጥር በመስኮት አየሁት። አስቀመጣት፣ አነሣት፣ አዙሮ አስቀመጣት። የሰይድ ስፌት ጠንካራ ነው፤ መስታወቴን አረገፈው። አልጮህኩም። የተሰበረ ዕቃ ይመዘገባል፤ ይሄኛው ሳይመዘገብ ይቅር።

የተፈረመ ቅጽ ፋይል ይገባል ይላል ደንቡ። ይሄን ግን እዚሁ ለጥፌዋለሁ። ከምርመራው ሥር በእሱ እጅ፣ ዕቃው በጥሩ ሁኔታ ደርሶኛል ይላል። ባዶ በተውኩት ቦታ ላይ ደግሞ፦

ተረካቢ፦ ኣባይ ገብረትንሣኤ ተወልደብርሃን።