በስምህ የተከፈተው ማህደር

ውድ ደምሴዬ፣

ከተለየኸኝ ቅዳሜ ዘጠኝ ወር ይሞላል። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ተቀይሜህ ነው። በሦስት ቀን ትኩሳት ሰው ጥሎ ይሄዳል? ደህና ነኝ፣ ከሥራ አትቅሪ ብለህ ላክኸኝ፤ ስመለስ ግቢው በሰው ተሞልቶ ጠበቀኝ። አሁን ቂሙ ወጥቶልኛል፣ ናፍቆቱ ግን ብሶብኛል።

እናትህ ከጪጩ መጥተው አብረውኝ ናቸው። ብቻዋን ምን ትሆናለች ብለው ነው የመጡት፤ እኔ ግን ብቻቸውን መሆን ያቃታቸው እሳቸው ይመስሉኛል። የጓሮውን እንሰት እንዴት አበላሽተኸው እንደሄድክ በየቀኑ ይነግሩኛል። የሚያፈሰውን ጣሪያ አስጠገንኩት። በሚቀጥለው እሁድ እወጣበታለሁ ስትለኝ ስንት እሁድ አለፈ!

አሁን የምጽፍልህ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ስለሆነው ነገር ነው። ጓድ ሥራ አስኪያጅ አስጠርተውኝ ኮምፒውተሩ ሞልቷል፣ የዘንድሮው ቡና መዝገብ የሚገባበት ቦታ የለም፣ የደምሴ ማህደር እስከ ዓርብ ይጥፋ አሉኝ። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ሲነግሩኝ ዓይናቸውን ከመስኮቱ አላነሱም። በመሥሪያ ቤቱ ያንን ማሽን ማዘዝ የምችለው አሁን እኔ ብቻ ነኝ። አስተማሪዬ አንተ፣ አንተን አጥፊ የተባልኩትም እኔ።

ወዲያው የኮንጋው ነገር ትዝ አለኝ። ያኔ የጽሕፈት መኪና ሠራተኛ ነበርኩ፣ ኮምፒውተሩን ልታስተምረኝ ከጀመርክም ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር። የገበሬዎቹን መዝገብ በየቀበሌያቸው፣ ለጪጩ አንድ ማህደር፣ ለወርቃ አንድ፣ ለኮንጋ አንድ አድርገህ ለያይተኸው ነበር። እኔ ከኮንጋው ውስጥ አንዲት የተበላሸች ፋይል ላጠፋ ብዬ፣ ዴል የምትለዋን የማጥፊያ ትእዛዝ ጻፍኩና የፋይሏን ስም ትቼ የማህደሩን ስም ብቻ ጨመርኩበት። ማሽኑ በእንግሊዝኛ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከሩቅ አገር መጥቶ እየጠየቀኝ እምቢ ማለት ነውር መሰለኝና አዎን የምትለዋን ፊደል ነካሁ። የኮንጋ ገበሬ በሙሉ በአንድ ጣት ጠፋ።

አንተ ግን እኔ ነኝ ያጠፋሁት አልክ። ባልሠራኸው ጥፋት በሰኞው የውይይት ክበብ ሰው ሁሉ ፊት ቆመህ ግለ ሂስ አደረግህ። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነጠላዬን ነክሼ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሁለት ቅዳሜ እስከ ይርጋጨፌ በጭነት መኪና፣ ከዚያ ወዲያ ኮንጋ ድረስ በእግር እየሄድን ቤት ለቤት ስም ለቀምን። ቆጮ ሳትቀምሱ ስማችንን አንሰጥም ይሉን ነበር። አንድ ሽማግሌ የድሮ ስማቸውንም ወንጌል ሲቀበሉ የወጣላቸውንም ነግረውን፣ ማሽኑ የሚወደውን ምረጡ ብለው ሳቁብን። ጭቃው ቁልቁለት ላይ እንዳልወድቅ እጄን ያዝክ፤ ሜዳው ላይ ደርሰንም አልለቀቅከኝም። እኔም ልቀቀኝ አላልኩህም። እውነቱን ልንገርህ፣ በዚያ ጥፋቴ አንድም ቀን ተጸጽቼ አላውቅም።

ረቡዕ ማህደርህን ከፈትኩት። አብዛኛው የቆየ ሪፖርት ስለነበረ እያየሁ አጠፋሁት። ከመሃል ግን በእኔ ስም የተሰየመ ፋይል ወጣ። ማሽኑ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ጽፈኸዋል። ለእኔ የጀመርከው ትምህርት ነው። አስቴር አትቸኩዪ ይላል። ከማጥፋትሽ በፊት ውስጡን እዪ። ባዶ ያልሆነ ማህደር አይፈርስም፤ መጀመሪያ ፋይሎቹን ታጠፊያለሽ፣ ባዶውን ማህደር ደግሞ በሌላ ትእዛዝ ታፈርሺዋለሽ። ብትሳሳቺም አትደንግጪ፣ እንደገና ኮንጋ እንሄዳለን። እዚያ ላይ ቆሟል፤ አልጨረስከውም።

ማተሚያው ቀለም ከጨረሰ ስለቆየ፣ ምሳ ሰዓቴን ሰውቼ በደብተር ላይ በእኛ ፊደል ገለበጥኩት። እያለቀስኩ ስለጻፍኩት ጽሑፌ አያምርም። ሐሙስ ፋይሉን አጠፋሁት። ለካ ማሽኑ አንዲት ፋይል ብቻ ስትጠፋ እርግጠኛ ነሽ ብሎ አይጠይቅም። ምነው በጠየቀኝ!

ዓርብ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቦታ ተገኘ ወይ አሉኝ፤ ተገኝቷል አልኳቸው። አልዋሸሁም፣ ባዶ ማህደር የሚይዘው ቦታ ከቁጥር አይገባም። ማፍረሻዋን ትእዛዝ ግን አልጻፍኳትም። ጠዋት ጠዋት ዝርዝሩን ስከፍት ከወርቃ ቀጥሎ ስምህ ይመጣል። ውስጡ ምንም የለም። እኔ ግን ደህና አደርክ እለውና ሥራዬን እጀምራለሁ።

ደምሴዬ፣ በዚህ ወንበር ላይ እስካለሁ ድረስ ያንን ስም የሚያወርደው የለም። አንድ ቀን አዲስ ሠራተኛ መጥታ፣ ይሄ ባዶ ማህደር ምን ይሠራል፣ ላጥፋው ወይ ብትለኝ፣ የባሌ ነው፣ አትንኪው እላታለሁ።

ያንተው አስቴር
ዲላ