ትልቁ ቆርቆሮ ከዛሬ ጀምሮ ውሃ ይጠጣል

አደይ፣

ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ምድጃ ውስጥ ጨምሪው። ወደ አርበኞቹ ሄጃለሁ።

ሰገነቱ ላይ ያሉትን ቆርቆሮዎች ማታ ማታ አጠጪልኝ።
ጎመኑን ቅጠል ቅጠሉን ቅጠፊ እንጂ ከነሥሩ እንዳትነቅዪው፤ አውቅሻለሁ።

ጤና አዳም የተከልኩበትን ትልቁን የዘይት ቆርቆሮ ባጠጣሽ ቁጥር ስጮህብሽ፣ «ለውሃ እንኳ ትሰስታለች» ብለሽ ለቡሬ ሰው ሁሉ አምተሽኛል። እህቴ፣ ከአፈሩ ሥር ጥይት ነበር፤ እንዳይርስብኝ ነው። አሁን ይዤው ስለሄድኩ እንደ ልብሽ አጠጪ።

ቤት ስንቀይር ያንን ቆርቆሮ ተሸክሞ ደረጃውን ያወጣልን ቃሪያችንን የለመደው የጣሊያን ሻምበል ነው። «አፈራችሁ ይከብዳል» እያለ ላቡን ሲጠርግ ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩት እግዜር ያውቃል። ነገ ቃሪያ ሊለቅም መጥቶ ገፋ ሲያደርገው «ለምን ቀለለ?» ካለሽ፣
«ያቺ ስስታም ውሃ ነፍጋው ደርቆ ነው» በይው።

እማዋይሽ